የሴራሚክ ባንድ ሂተር ከልኬት እስከ ጥገና፦ ለጎጃም የፕላስቲክ ወርክሾፖች

የኤሌክትሪክ ምጣድ ተገልብጦ ያየ ሰው የሴራሚክ ሂተር ምን እንደሆነ ያውቃል። በሸክላው ጀርባ ክብ ክብ እየሠራ የሚሄድ ቦይ አለ፤ በቦዩ ውስጥ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ ሬዚስታንስ ተኝቷል። ሽቦው ይግላል፣ ሸክላው ሙቀቱን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪኩን ግን ይዞ ያስቀራል። በፌስታል፣ በቧንቧና በጀሪካን ማሽን በርሜል (ፕላስቲኩ በሚቀልጥበት የብረት ቱቦ) ላይ የሚታሰረው የሴራሚክ ባንድ ሂተርም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ልዩነቱ ሸክላው አንድ ወጥ ሳህን ሳይሆን እርስ በርስ የሚቆላለፉ ትናንሽ የሴራሚክ ጡቦች መሆኑ ነው፤ ስለዚህ እንደ ቀበቶ ይጠመጠማል። ከጡቦቹ ጀርባ የሴራሚክ ጥጥ ይነጠፋል፤ ጥጡን ደግሞ የብረት ላሜራ ይሸፍነዋል። ጥጡ ሙቀቱ ወደ ውጭ እንዳይባክን ስለሚከለክል ከሚካ ሂተር (ሽቦው በስስ የሚካ ቅጠሎች መሀል ከሚቀመጥበት ዓይነት) ያነሰ ኤሌክትሪክ ይበላል።

ዕድሜውን ጨርሶ የሚሞት ሂተር ጥቂት ነው። አብዛኛው የሚቃጠለው ሙቀቱ መውጫ አጥቶ፣ የሽቦ ማሰሪያው ላልቶ፣ እርጥበት ወይም ቀልጦ የፈሰሰ ፕላስቲክ ገብቶበት፣ አለዚያም ያልተሠራለት ቮልቴጅ ደርሶበት ነው። እነዚህን ሁሉ ወርክሾፑ ራሱ በመልቲሜትር፣ በሁለት ቁልፍና በትንሽ ትዕግሥት ሊከላከላቸው ይችላል።

ከማዘዝ በፊት

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በመንገድ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የማይገጥም ሂተር ተቀብሎ መልሶ መላክ ማሽኑን ለብዙ ቀን ያቆመዋል። ስለዚህ በስልክ «ያው እንደ ድሮው» ብሎ ማዘዝ አይገባም፤ ልኬቱ በወረቀት ላይ ይስፈር።

ዲያሜትሩን ከአሮጌው ሂተር ሳይሆን ከራሱ ከበርሜሉ ይውሰዱ። አሮጌው በሙቀት ተለጥጦና በብሎን ተጎትቶ ቅርጹን ለቋል። ትልቅ ካሊፐር ከሌለ ጠባብ ወረቀት ቆርጠው በበርሜሉ ዙሪያ ይጠምጥሙ፣ መገናኛው ላይ ምልክት ያድርጉ፣ ከዚያ ዘርግተው ለክተው ለ3.14 ያካፍሉ። ዙሪያው 377 ሚ.ሜ. ከሆነ ዲያሜትሩ 120 ሚ.ሜ. ነው። በእያንዳንዱ ዞን (ሙቀቱ ለብቻው በሚታዘዝ የበርሜል ክፍል) ለየብቻ ይለኩ፤ ከኋላ ወፍሮ ከፊት የሚቀጥን በርሜል አለ።

ስፋቱን ሲለኩ ከጎኑ ያለውን የቴርሞኮፕል (የሙቀት መለኪያው ሽቦ) ቀዳዳ፣ የበርሜሉን መያዣ ብሎንና የሽቦ መውጫውን ቦታ አብረው በእጅ ሥዕል ያስቀምጡ። የሴራሚክ ሂተር ከ12 እስከ 16 ሚ.ሜ. ውፍረት አለው፤ ሚካው ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሚካ አንሥተው ሴራሚክ ሊያስገቡ ከሆነ የማሽኑ መሸፈኛ ላሜራ ይዘጋ እንደሆነ ቀድመው ይመልከቱ። በርሜሉ ከአንድ ጫፍ ነጻ ካልሆነ፣ ማለትም ሂተሩን እንደ ቀለበት አጥልቆ ማስገባት ካልተቻለ፣ ለሁለት የተከፈለውን ዓይነት ይዘዙ። አንድ ወጥ የሆነውን በኃይል ከፍቶ ማስገባት ጡቦቹን ጠርዛቸው ላይ ይሸርፋቸዋል። በተሸረፈው ቦታ ሽቦው ራቁቱን ይቀርና አንድ ቀን ከላሜራው ጋር ይገናኛል።

ዋቱ የሚሰላው ከሚሞቀው የብረት ገጽ ነው። ዲያሜትር 12 ሴ.ሜ.፣ ስፋት 6 ሴ.ሜ. ከሆነ 12 × 3.14 × 6 = 226 ካሬ ሴ.ሜ. ይሆናል። ለፖሊኢትሊንና ለፖሊፕሮፒሊን ሥራ በካሬ ሴ.ሜ. ከ3 እስከ 5 ዋት ይበቃል። በ4.5 ሲባዛ 1017 ይመጣል፤ ስለዚህ የ1000 ዋት ሂተር ይታዘዛል። ሴራሚክ እስከ 7 ዋት ድረስ ሊሸከም ቢችልም እዚያ ድረስ መሙላት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ፕላስቲክ ሙቀትን ቀስ ብሎ ነው የሚቀበለው፤ ኃይለኛ ሂተር ከበርሜሉ ግድግዳ ጋር የተጠጋውን ያሳርርና መሀሉን እንዳለ ይተወዋል።

ጠቅላላውም ይመዘን። 120 ኪሎ የሚመዝን የብረት በርሜል ከ20 ወደ 200 ዲግሪ ለማድረስ በአንድ ኪሎ በአንድ ዲግሪ 0.49 ኪሎጁል ያስፈልጋል። 120 × 0.49 × 180 = 10,584 ኪሎጁል፣ ማለትም 2.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ወደ አየር ለሚባክነው 30 በመቶ ቢታከልበት በአንድ ሰዓት ውስጥ ለማሞቅ 3.8 ኪሎዋት ይጠይቃል፤ አራት ባለ 1000 ዋት ሂተር ማለት ነው። ከዚያ በላይ መጨመር ምርቱን አያፈጥነውም። ማሽኑ ሥራ ከጀመረ በኋላ ብዙውን ሙቀት የሚያመነጨው በበርሜሉ ውስጥ ፕላስቲኩን የሚገፋው ጠመዝማዛ ዘንግ፣ የስክሩው፣ ፍትጊያ ነው።

በትእዛዙ ላይ ቮልቴጁ በጉልህ ይጻፍ። የ220 ቮልት ሂተር በሁለት ፌዝ መሀል ገብቶ 380 ቮልት ቢያገኝ ዋቱ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ 1000 ዋቱ ወደ 2980 ይወጣል፣ ሽቦውም ብዙ አይቆይም። በተገላቢጦሽ የ380ው በ220 ላይ ከታሰረ ከሦስት አንዱን ብቻ ይሰጣል፤ ዞኑም ቀኑን ሙሉ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ይውላል።

ሂተሩ ሲደርስ

ካርቶኑ እንደተከፈተ፣ ሻጩን በስልክ ማግኘት በሚቻልበት ሰዓት፣ በመልቲሜትር ይለኩ። የሚጠበቀው ኦም ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ለዋቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ220 ቮልት ለ500 ዋት 97 ኦም፣ ለ800 ዋት 60.5፣ ለ1000 ዋት 48.4፣ ለ1500 ዋት 32.3 ይመጣል። አምራቾች በዋቱ ላይ 5 በመቶ ወደ ላይና 10 በመቶ ወደ ታች ልዩነት ይፈቅዳሉ፤ ስለዚህ የ1000 ዋቱ ከ46 እስከ 54 ኦም ቢያሳይ ጤነኛ ነው። 144 ካሳየ የመጣልዎ የ380 ቮልቱ ነው። በመጀመሪያ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች አገናኝተው የሽቦውን የራሱን ኦም ይመልከቱና ከውጤቱ ይቀንሱ።

ቀጥሎ በ500 ቮልት ሜገር (ኤሌክትሪክ ወደ ላሜራው ማምለጡን በሚፈትሽ መለኪያ) በሽቦ ማሰሪያውና በላሜራው መሀል ይለካል። ደረቅ አዲስ ሂተር በአሥር የሚቆጠር ሜጋ ኦም ያሳያል። ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ እርጥብ ነውና ሳይደርቅ አይታሰር። ማሽን ላይ የታሰረን ሂተር በሜገር ሲለኩ ሽቦዎቹን ሙቀቱን ከሚያዘው ኮንትሮለርና ሂተሩን ከሚያበራውና ከሚያጠፋው የኤሌክትሮኒክ ማብሪያ፣ ከኤስኤስአሩ፣ መንቀል ግድ ነው፤ 500 ቮልቱ ኤሌክትሮኒክሱን ይገድለዋል።

መግጠም

ዋናው ብሬከር ይውረድ፣ ይቆለፍ፣ ከቁልፉ ላይ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ጽሑፍ ይንጠልጠል። አሮጌው ሂተር ሲፈታ ጥጡ ይበናል፤ ደቃቁ ክር ወደ ሳንባ ከገባ አይወጣም። የጨርቅ ጭምብል አይበቃም፣ ለአቧራ ሥራ የሚሸጠው ይደረግ። ጥጡን በመጥረጊያ ወይም በኮምፕረሰር አየር ከማንሳት በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ይህን ሲያደርጉ ሂተሩን ግን እንዳያርሱት።

በርሜሉን በነሐስ ብሩሽ ይፈትጉ። የተጋገረ ፕላስቲክ፣ ዝገትና የድሮ ጥጥ ሁሉ ይነሣ። የሴራሚክ ሂተር ግማሹን ሙቀት በንክኪ፣ ግማሹን በጨረር ስለሚያስተላልፍ እንደ ሚካው ስስ ክፍተት ወዲያው አይገድለውም። ይህ ግን መዘናጊያ መሆን የለበትም። አንድ ሚሊ ሜትር የከሰለ ፕላስቲክ ሥር የቀረ ጡብ ሙቀቱን ወደ በርሜሉ ማሳለፍ አይችልም፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ከጎረቤቶቹ በላይ ይግላል፣ ይከሳል፣ ከዚያው ቦታ ላይ ይበጠሳል። የተቃጠለ ሂተር ሲፈቱ ሁልጊዜ የተበጠሰበትን ነጥብ ይፈልጉና ከሥሩ ያለውን የበርሜል ገጽ ይመልከቱ። ብዙውን ጊዜ መልሱ እዚያ ተጋግሮ ይገኛል።

ሂተሩ ሲታሰር በሁለቱ ጫፎች መሀል ከ6 እስከ 10 ሚ.ሜ. ክፍተት ይቅር። ጫፎቹ ከተነካኩ ኋላ ማጥበቅ አይቻልም፤ ክፍተቱ ከሰፋ ደግሞ በርሜሉ ላይ ቀዝቃዛ መስመር ይኖራል። የሽቦ ማሰሪያው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ይዙር። ከላይ የሚንጠባጠብ ዘይትና ከሆፐር (ከጥሬ ዕቃው መጨመሪያ) የሚወርድ አቧራ እንዳያርፍበት ነው። በኖዝልና በዳይ (የቀለጠው ፕላስቲክ በሚወጣበትና በሚቀረጽበት ጫፍ) አጠገብ ያለው ግን ቀልጦ ከሚንጠባጠበው ፕላስቲክ ስለሚሸሽ ወደ ጎን ብቻ ይዙር።

የማጥበቂያው ብሎን በቀዝቃዛው አንድ ጊዜ፣ በሙቅ ሁለተኛ ጊዜ ይጠብቃል። በርሜሉ ሲሞቅ ያብጣል፣ ላሜራውም ይለጠጣል፤ በቀዝቃዛ ጠንካራ የነበረው ይላላል። ዞኑን 150 ዲግሪ አካባቢ አድርሰው ኤሌክትሪኩን ያጥፉና በጓንት ያጥብቁ። ከሳምንት ሥራ በኋላ እንደገና ይዩት። መጠኑን በእጅ ስሜት ይወቁ፦ ሂተሩ በእጅ ሲገፋ የማይዞር ከሆነ በቅቷል። ከዚያ በላይ መሳብ ጡቡን ይሰብራል።

ሽቦና ማሰሪያ

በጥድፊያ የሚበላሸው ሥራ ይሄኛው ነው። የሂተሩ ማሰሪያ ከሴራሚኩ ውስጥ የሚወጣ ጥርስ ያለው ዘንግ ነው፤ ዘንጉ ላይ የታችኛው ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ የሽቦው ጫፍ፣ ሌላ ሮንዴላና የላይኛው ዳዶ ይደረደራሉ። የላይኛውን ዳዶ ብቻ ይዘው ካዞሩ ዘንጉም አብሮ ይዞራል። ውስጥ የተበየደውን ሽቦ ይጠመዝዘዋል፣ የቆመበትንም ሴራሚክ ይሰነጥቀዋል። ከውጭ ምንም አይታይም፤ ሂተሩ ሁለት ቀን ይሠራና ይሞታል። ስለዚህ አንዱ ቁልፍ የታችኛውን ዳዶ ይዞ ይቁም፣ ሁለተኛው ቁልፍ የላይኛውን ያጥብቅ። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ እጁን ይዞ ማሳየት ይገባል።

ከማሰሪያው አጠገብ ተራ የቤት ሽቦ አይታሰርም። የፒቪሲ ልባሱ የሚችለው 70 ዲግሪ ነው፤ ሲሊኮኑም 180 ዲግሪ ላይ ያበቃል። የሚያስፈልገው በኒኬል የተለበጠ መዳብ ወይም ኒኬል ሆኖ በሚካና በፋይበርግላስ የተሸፈነው ነው። እሱን ከሂተሩ ግማሽ ሜትር አርቆ በሴራሚክ ማገናኛ ከተራው ሽቦ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ራቁት መዳብ ሲግል ይጠቁራል፤ ጥቁሩ ቅርፊት ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም፣ ማሰሪያው ይብስ ይግላል፣ በመጨረሻ ዘንጉ ራሱ ይበላል። የሽቦው ጫፍም በቆርቆሮ አይበየድ፤ ብየዳው ቀልጦ ይፈሳል።

የ1000 ዋት ሂተር በ220 ቮልት 4.5 አምፔር ይወስዳል፤ ለአንዱ የ6 አምፔር ብሬከር ይበቃዋል። በአንድ ዞን ሁለት ሂተር ጎን ለጎን ከታሰረ 9.1 አምፔር ነውና 16 አምፔር ብሬከርና 2.5 ካሬ ሽቦ ይሁን። የሁሉም ሂተር ላሜራ በምድር መስመር መያያዝ አለበት። ያለ ምድር መስመር የተሰነጠቀ ጡብ ያለው ሂተር ማሽኑን ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ ይሞላዋል።

ስድስት ሂተር ካለ በሦስቱ ፌዝ ላይ ሁለት ሁለት አድርገው ያከፋፍሉ። ኒውትራሉን ግን ከሁሉም በላይ ይጠብቁት። ኒውትራል ቢላቀቅ በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉት ዞኖች እርስ በርስ በተከታታይ ይያያዛሉ። በዚያች ደቂቃ በአንዱ ፌዝ አንድ ሂተር፣ በሌላው ሁለት ሂተር በርተው ከሆነ ብቸኛው ሂተር 253 ቮልት ይደርሰዋል። ቴርሞስታቶቹ ሲበሩና ሲጠፉ ቮልቴጁ ይዋልላል፣ የኮንትሮለሮቹም ፓወር አብሮ ይቃጠላል። «ሁሉም በአንድ ቀን ተቃጠለ» ከተባለ ሂተሮቹን ከመቀየር በፊት ኒውትራሉን ከሜትር ሳጥኑ እስከ ፓነሉ ይከተሉ።

ስለ ከፍታም አንድ ነገር። ብዙ ኮንታክተሮችና (የሂተሩን መስመር በትእዛዝ የሚከፍቱና የሚዘጉ ማብሪያዎች) ብሬከሮች አምራቹ በጻፈላቸው አምፔር የሚሠሩት እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ነው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ከገደቡ በታች ናት። ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ግን ከዚያ በላይ ናቸው። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በነዚህ ከተሞች አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ኮንታክተር ይምረጡ። ኤስኤስአር ከሆነ ለ9 አምፔር ባለ 25 አምፔሩ ከነማቀዝቀዣ ብረቱ ይሁን፤ በእያንዳንዱ አምፔር አንድ ዋትና ከዚያ በላይ ሙቀት ራሱ ያመነጫል። ኤስኤስአር ሲበላሽ ብዙ ጊዜ እንደበራ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ከፊቱ በሌላ ቴርሞስታት የሚታዘዝ ኮንታክተር ይኑር፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ሙሉውን መስመር ይቁረጥ።

ቴርሞኮፕሉ ካሳሳተ

ሂተር ተወቅሶ ጥፋቱ የቴርሞኮፕል የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። በገበያው የሚበዙት ኬ እና ጄ ዓይነት ናቸው። የኬ ቴርሞኮፕል ገብቶ ኮንትሮለሩ በጄ ላይ ከተሞላ፣ መስኮቱ 200 ሲያሳይ በርሜሉ 260 አካባቢ ደርሷል። ፌስታሉ ይቢጫል፣ ይሸታል፣ ይበጣጠሳል፤ ሠራተኛው ደግሞ ቁጥሩን አይቶ ጥሬ ዕቃውን ይከስሳል። በተገላቢጦሽ ከሆነ ፕላስቲኩ ሳይቀልጥ ስክሩው ይጨነቃል፣ ሞተሩ ብሬከር ይጥላል።

ጽሑፉ የጠፋበትን ቴርሞኮፕል በማግኔት መለየት ይቻላል። የሁለቱን ሽቦዎች ጫፍ ይላጡና ማግኔት ያስጠጉ። የኬ ከሆነ የሚሳበው የኔጌቲቩ ሽቦ ነው። የጄ ከሆነ የሚሳበው ፖዘቲቩ ነው፤ እሱ ንጹሕ ብረት ስለሆነ የዛገም ይሆናል። ቀይ ቀለም ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ነው ብለው አይመኑ፤ በአሜሪካ አሠራር የቴርሞኮፕል ቀይ ሽቦ ኔጌቲቭ ነው። ገልብጠው ካሰሩት በርሜሉ በሞቀ ቁጥር መስኮቱ ወደ ታች ይቆጥራል። ይህ አደገኛ ነው፤ ኮንትሮለሩ ቀዘቀዘ ብሎ ኃይል እየጨመረ ይሄዳል።

የቴርሞኮፕሉ ጫፍ የቀዳዳውን መጨረሻ መንካት አለበት። በቀዳዳው ውስጥ የተጋገረ ፕላስቲክ ወይም የላላ ስፕሪንግ ካለ የሚለካው አየር ነው። ሂተሩም ሳያርፍ እየሠራ ይውላል።

የመጀመሪያው ማሞቅና የክረምቱ እርጥበት

ሴራሚኩና ጥጡ እርጥበት ይጠጣሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በተለይ እንደ እንጅባራ ዝናብ በማያባራበት አካባቢ፣ ለአንድ ሳምንት ሳይሠራ የቆመ ማሽን ሰኞ ጠዋት ሲበራ ኤሌክትሪክ ወደ ምድር ሲያመልጥ መስመሩን የሚቆርጠውን ብሬከር ይጥላል። ሰው ብሬከሩን ደጋግሞ ያነሣና ሲሰለቸው ምድር መስመሩን ይነቅላል። ይህ ፈጽሞ አይደረግ። ብሬከሩ እውነቱን ነው የተናገረው፤ ሂተሩ ረጥቧል።

ማድረቂያው ቀላል ነው። ሁለት እኩል ዋት ያላቸውን ሂተሮች በተከታታይ አያይዘው በ220 ቮልት ላይ ያብሯቸው። እያንዳንዱ 110 ቮልት ይደርሰዋል፣ ዋቱም ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የ1000 ዋቱ በ250 ዋት ይሞቃል። ላሜራቸው በምድር መስመር ታስሮ፣ ማንም እንዳይነካቸው ተከልለው ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆዩ። ምድጃ ካለ ደግሞ በ120 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓት ይግቡ። በደብረ ማርቆስ ከፍታ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ 120 ከበቂ በላይ ነው። ሲቀዘቅዙ በሜገር ይለኩ፤ ከ1 ሜጋ ኦም ካለፉ ማሽኑ ላይ ይግቡ። መለዋወጫ ሂተር ከፕላስቲክ ከረጢት ጋር ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ ይረጥባል።

አዲስ ሂተርም ሆነ የደረቀው በመጀመሪያ በ110 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ 50 ዲግሪ እየጨመሩ ይሂዱ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቀጭን ጭስ ይታያል፤ በጥጡ ውስጥ ያለው ማጣበቂያና የላሜራው ዘይት ነው። በር ተከፍቶ ይውጣ። ግማሽ ሰዓት አልፎት ካልቆመ ወይም ጥቁርና የሚከረክር ከሆነ አጥፍተው ይመልከቱ።

ዞኑ ሲሰንፍ

ዞኑ ሙቀቱ ላይ ለመድረስ ሲዘገይ የመጀመሪያው መሣሪያ ሽቦውን ሳይቆርጡ ከውጭ አቅፎ አምፔር የሚለካው የክላምፕ ሜትር ነው። ሁለት ባለ 1000 ዋት ሂተር ያለበት ዞን 9.1 አምፔር መሳብ አለበት። 4.5 ብቻ ካሳየ አንዱ ሞቷል፤ ሌላው ያለ ዕረፍት እየሠራ ነው፣ እሱም ይከተለዋል። ስለዚህ ዛሬውኑ ይቀየር። ምንም ካላሳየ ከሂተሩ በፊት ፊዩዝ፣ ኮንታክተርና ማሰሪያ ይፈተሹ።

አምፔሩ ከ9.1 ጥቂት ብቻ ካነሰ ቮልቴጁን ይለኩ። 190 ቮልት ከሆነ የ1000 ዋቱ ሂተር የሚሰጠው 746 ዋት ብቻ ነው። ሂተሩ ደኅና ነው፤ ችግሩ የመስመሩ ነው። ማሽኑን ቀደም ብሎ ማብራት ወይም ባዶውን የበርሜል ክፍል በሴራሚክ ጥጥ መሸፈን ይረዳል።

ከጡቦቹ መሀል ጥቁር ነገር ፈሶ ካዩ የቀለጠ ፕላስቲክ ነው። ሲከስል ካርቦን ይሆናል፣ ካርቦን ደግሞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። የሚፈሰውን ቦታ፣ ብዙ ጊዜ የዳዩን መጋጠሚያ ወይም የኖዝሉን ጥርስ፣ ሳይደፍኑ ሂተሩን መቀየር ትርፉ ገንዘብ መጣል ነው። የፒቪሲ ማሽን ከሆነ ይብሳል። ፒቪሲ ሲያርር የሚወጣው አሲድ ያለበት ጋዝ ላሜራውንና ዘንጉን ይበላል።

ጠፍጣፋው የሴራሚክ ሂተር፣ 245 በ60 ሚ.ሜ. የሆነው፣ ለበርሜል አይደለም። እሱ የፕላስቲክ ሉህ ከርቀት በጨረር አሙቆ ሳህንና ኩባያ ለሚቀርጽ ማሽን ነው። ሲገጠም በብረት ቅንጥቡ ብቻ ይያዝ። ገጹ ላይ ጭረትና የጣት ዘይት አይረፍበት፤ አንዱ ሲሞት ደግሞ በዚያው ዋትና በዚያው ቀለም ይተካ፣ አለዚያ ሉሁ አንድ ቦታ ስስ ሆኖ ይወጣል።

ሽቦውን መልሶ መጠቅለል

ሴራሚክ ባንድን ከሚካ የሚያስመርጠው አንዱ ነገር መጠገን መቻሉ ነው። ጡቦቹ ካልተሰበሩ ሽቦው ብቻ ይቀየራል። ምጣድ የሚጠግን እጅ ይህን በደንብ ይሠራዋል፤ ስሌቱን ብቻ ይጨምርበት።

ላሜራውን ሲከፍቱ የጡቦቹን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ ያንሡ። የአሮጌውን ሽቦ ውፍረት ባልተቃጠለው ቦታ በማይክሮሜትር ይለኩና ያንኑ ይግዙ። 80 ከመቶ ኒኬል፣ 20 ከመቶ ክሮም የሆነውን ኒክሮም ይጠይቁ። ማግኔት ከሳበው ኒክሮም አይደለም፤ በውስጡ ብረትና አሉሚኒየም ያለበት ዓይነት ነው። እሱም ይሠራል፣ ግን የኦሙ ስሌት ይለያል፤ አንዴ ከጋለ በኋላም ስለሚሰባበር ሂተሩን እንደገና መክፈት አይቻልም።

የ0.7 ሚ.ሜ. ኒክሮም በሜትር 2.83 ኦም አለው። ለ1000 ዋት የሚፈለገው 48.4 ኦም ስለሆነ 17.1 ሜትር ይቆረጣል፤ ለማሰሪያው የሚታጠፈው ከዚህ ውጭ ይታከል። በ4 ሚ.ሜ. ዘንግ ላይ ክሩ ክሩን እየነካ በጥብቅ ሲጠቀለል 80 ሴ.ሜ. ያህል ይረዝማል። ከዚያ በጡቦቹ ቀዳዳ የሚሄድበትን ጠቅላላ ርዝመት በክር ለክተው ስፕሪንጉን እስከዚያ ይዘርጉት። ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ መዘርጋቱ ጥሩ ነው። ከሁለት እጥፍ በታች ከቀረ ክሮቹ ተጠጋግተው እርስ በርስ ይጋጋላሉ።

ዝርጋታው ወጥ ይሁን። አንዱን ጫፍ በሞርሳ ይዘው ቀስ ብለው ይሳቡና አግዳሚ ላይ አስተኝተው በዓይን ይከተሉት። ክሩ የተጠጋጋበት ቦታ ካለ እዚያው በጣት ይለዩት፤ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ቀይ የሚሆነው፣ መጀመሪያም የሚበጠሰው እሱ ነው። ወደ ማሰሪያው የሚሄደው ጫፍ ራሱ ላይ ተመልሶ ድርብ ይጠምጠም። ድርብ ሲሆን የዚያ ክፍል ሙቀት በግማሽ ይቀንሳል፣ ዘንጉም ቀዝቀዝ ብሎ ይቆያል። መሀል ላይ የተበጠሰውን ጠምዝዞ ማያያዝ ለአንድ ሌሊት ሥራ ካልሆነ አይሞከር። ጠምዛዛው ውስጥ አየር ይገባል፣ ሽቦው ይበላል፣ በዚያው ነጥብ ይለያያል።

የተሰነጠቀ ጡብ ከሌላ አሮጌ ሂተር በተገኘ ተመሳሳይ ጡብ ይተካ። በጂፕሰም ወይም በሲሚንቶ አይለጠፍ፤ ጡቦቹ ሲሞቁ መንቀሳቀስ አለባቸው። ላሜራው ሲዘጋ ጥጡ ከሁሉም ጎን እኩል መሆኑን ይዩ። ከዚያ ኦሙ ይለካል፣ በሜገር ይፈተሻል፣ በተከታታይ ከሌላ ሂተር ጋር ታስሮ ሁለት ሰዓት ይሞቃል፣ እንደገና በሜገር ይለካል። በላሜራው ላይ ቮልቱ፣ ዋቱ፣ የተለካው ኦምና የተጠገነበት ቀን በብረት መጻፊያ ይቀረጽ።